የሁለት መቶ ዓመቱን አያታችንን «ዕድሜው አልደረሰም» ላለው መሥሪያ ቤት

ማርች 14
ዋይማታኦ፣ ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ ኒው ዚላንድ

ለክቡር ሚስተር ዳሪል ፌንዊክ
የኦርዊንተል የፕሪንተርና የስካነር ኩባንያ
የደንበኞች ደስታ ክፍል ኃላፊ
ኦክላንድ

ጉዳዩ፦ በእጅዎ የሚገኙ 212 ዘመዶቻችንን ስለ መጠየቅ ይሆናል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የባለቤትዎን፣ የልጆችዎን፣ እንዲሁም ሳይታክት የሚጽፍልንን የዚያን ስም የለሽ አውቶማቲክ መልስ ሰጪዎን ጤንነት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኛ በዋይማታኦ ወንዝ ዳር የምንኖረው፣ ያለነው ደኅና ነን። የሌሉትን በተመለከተ እርስዎ ከእኛ የተሻለ ሳያውቁ አይቀሩም፤ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፍልዎትም ስለ እነሱ ነው።

ስሜ ሆሪያና ፓኪ ነው። በመንደራችን ትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፣ በማራያችን ማለትም ጎሳችን በሚሰበሰብበት ግቢ ደግሞ የኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ። ካለፈው ኖቬምበር ወዲህ የዘር ሐረግ መጽሐፋችን ጠባቂነትም ተጨምሮብኛል፤ ይህን ሹመት አልተመኘሁትም፣ ያገኘሁትም አክስቴ መሬካራካ ስለሞተች ብቻ ነው። መጽሐፉ ጥቁር ጠንካራ ልባስ ያለው፣ አያቶቻችን በእጃቸው የጻፉት፣ ከቴ አሂኮ ጀምሮ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ስሞች የያዘ ነው፤ ከጥቂት ሽማግሌዎቻችን በቀር ሁሉም ያረፉ ናቸው። ምግብ የሚቀርብበት ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም፤ የነካው ሰው እጁን ሳይታጠብ አይሄድም፤ ከመሰብሰቢያው ቤት ደጅ አያልፍም። ባለፈው ዓመት በፌብሩዋሪ ወንዛችን ሞልቶ እስከ መስኮቱ ሲደርስ መጽሐፉ እዚያው ቆርቆሮ ሣጥኑ ውስጥ ሆኖ ራሰ። ውሃው ሲሸሽ ሻጋታው መጣ፣ እኛም ገጾቹ ተበልተው ሳያልቁ ቅጂያቸውን ለማስቀረት ስካነር ፍለጋ ወጣን፤ ከእርስዎ ጋር ያስተዋወቀን ይኸው ነው።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ በተራ ላቅርብ።

1ኛ. በቅድሚያ ስለ ካርቶናችሁ አመሰግናለሁ። የኮሚቴያችን ላፕቶፕ ትምህርት ቤቱ የጣለው አሮጌ ዕቃ ነው፤ የአጎቴ ልጅ ታዋኦ፣ የወተት ቦቴ የሚነዳው፣ ሊኑክስ የሚባለውን፣ ማንም ሰው ውስጡን ከፍቶ ሊያየው የሚችለውን ነፃ ሥርዓት ጭኖበታል። ይህንንም ያደረገው ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ «የእኛ ስሞች በሰው ቤት አያድሩም» ብሎ ስለወሰነ ነው። ከዚህ ሥርዓት ጋር የሚግባባ ፕሪንተርና ስካነር ማግኘት ግን ለአቅመ ሔዋን ለደረሰች የጳጳስ ልጅ ባል ከመፈለግ አይተናነስም። ታዋኦ ወተት ባወረደበት ከተማ ሁሉ ሱቅ እየገባ ይጠይቃል፤ አንዷ ሻጭ «ሊኑክስ ነው ያልከኝ ወንድሜ? ሌላው ሰው እኮ የሚሠራ ነገር ነው የሚጠይቀኝ» ብላ ሸኘችው። በጎ ፈቃደኞች በኢንተርኔት በሚያዘጋጁት ዝርዝር ላይ ሞዴሉ ሁሉ ከጎኑ «ያትማል» ይልና ስለ ስካነሩ ያለው ቦታ ባዶ ነው። በመጨረሻ የእናንተ ካርቶን ላይ «ከክፍት ሥርዓቶች ጋር ይሠራል» የሚል ጽሑፍ አየን፣ አመንን፣ ገዛን። እውነትም ያትማል። ስካን ለማድረግ ግን በኩባንያው ዘንድ አካውንት መክፈት ግድ መሆኑ ካርቶኑ ላይ ያልተጻፈው ቦታ ጠቦ ይሆናል፤ በሌላኛው ጎን ሳቃቸው የማያልቅ የአንድ ቤተሰብ ፎቶ ስለነበረ እንረዳለን።

2ኛ. ስለ አካውንቱ አከፋፈት ያለውን ጥፋት ግማሹን እኛ እንወስዳለን፤ እንዲህ ያለውን ስሕተት ከእኛ በቀር የሚሠራ ሰው ስለሌለም እናንተ አለመዘጋጀታችሁ አይፈረድባችሁም። ማሽኑን ያስቀመጥነው መሰብሰቢያው ቤት ውስጥ፣ የሟቾቻችን ፎቶዎች ከተደረደሩበት ግድግዳ ሥር፣ ምግብ ነክቶት በማያውቅ የተማሪ ዴስክ ላይ ነበር። መሬካራካ ሰማንያ ስድስት ዓመቷ ነው፣ መጽሐፉን በጭኗ ይዛ ተቀምጣለች። ታዋኦ ቀና አለና «አክስቴ፣ ባለቤቱ ማነው ይላል። የማንን ስም ልጻፍ?» አላት።

«መጽሐፉ የማን ነው?»

«የሁላችንም።»

«መጀመሪያ የተጻፈው ማነው?»

«ቴ አሂኮ ነዋ።»

«ታዲያ አንተ ነህ ከእሱ ፊት የምትቆመው? የእሱን ጻፍ እንጂ።»

ጻፈ። በእኛ ዘንድ ማንም ከአያቱ ቀድሞ ደጅ አይገባም፣ ስለዚህ ማናችንም ነገሩ እንግዳ አልመሰለንም። ቀጥሎ ማሽኑ የትውልድ ዓመት ጠየቀ፤ ቦታው የሚቀበለው ሁለት አኃዝ ብቻ ስለነበር፣ ቴ አሂኮም የተወለደው በ1811 ስለሆነ፣ ታዋኦ በእውነተኛነት 11 ብሎ ሞላ። የእናንተ ማሽንም በበኩሉ በእውነተኛነት 2011 ብሎ ተረዳው።

ሁለት ቀን ሙሉ ስካን አደረግን። እያንዳንዱን ገጽ መስታወቱ ላይ የምታስተኛው መሬካራካ ራሷ ነበረች፤ ሕፃን ልጅ አልጋው ላይ እንደምታስተኛ እናት ቀስ ብላ። ገጹ ባለፈ ቁጥር ማሽናችሁ «ተቀምጧል» ይለናል። ሲያበቃ ታዋኦ ፋይሎቹን ላፕቶፑ ውስጥ ፈለገ፣ አገላበጠ፣ እንደገና ፈለገ።

«አክስቴ፣ እዚህ የሉም።»

«ተቀምጧል ይል አልነበር እንዴ?»

«እነሱ ጋ ነው የተቀመጠው። ባሕር ማዶ፣ በኩባንያው ቤት።»

«እነሱ እነማን ናቸው?»

ወጥታ እጇን ታጠበች፤ እንደዚያን ቀን ረጅም ጊዜ ስትታጠብ አይቻት አላውቅም።

3ኛ. ከዚያ በኋላ ስላሳያችሁን የቤተሰብነት ስሜት ምን ብዬ እንደማመሰግን አላውቅም። ማሽናችሁ ስሞቹን ሁሉ አንብቦ የቴ አሂኮ ወዳጆች ናቸው ብሎ ስለደመደመ በሳምንቱ ለኮሚቴው ኢሜይል «ቴ አሂኮ፣ 211 ወዳጆችህ እዚህ አሉ፤ ሰላም በላቸው» የሚል መልእክት ደረሰን። አያታችንን «አንተ» እያለ ነበር የሚጽፍለት፤ እኛ እንኳን በሕልማችን አናደርገውም። በሌላ ቀን ደግሞ «ሦስት ጊዜ የተደጋገመ ስም አግኝተን አጽድተንልሃል» አላችሁን። ክቡር ሆይ፣ በመጽሐፋችን ሬዌቲ የሚባሉ ሦስት ወንድማማቾች አሉ። የመጀመሪያው በሕፃንነቱ ሞተ፣ ተከትሎ የተወለደው ስሙን ወረሰ፣ እሱም ሞተ፤ ሦስተኛው ያንኑ ስም ተሸክሞ አደገና የመሬካራካ አያት ሆነ። እናንተ ሦስቱን አንድ አደረጋችኋቸው። ኢሜይሉን ሳነብላት አክስቴ መነጽሯን አወለቀችና «ሁለቱን ሕፃናትስ ምን አደረጓቸው?» አለችኝ። ይህን ጥያቄ በጊዜው ወደ ክፍልዎ አስተላልፌያለሁ፤ መልሱም «ስላነጋገሩን እናመሰግናለን» የሚል ነበር።

4ኛ. ቅጂዎቹ እንዲመለሱልን፣ ከቤታችሁም እንዲሰረዙ ስንጠይቅ ለሕፃናት ደኅንነት ያላችሁን ጥንቃቄ ተማርንበት። የአካውንቱ ባለቤት ዕድሜው አሥራ ሦስት ዓመት በመሆኑ አካውንቱ መቆለፉን፣ የሚከፈተውም ወላጁ ሲፈቅድ መሆኑን ነገራችሁን። ባለቤቱ በ1868 ያረፈ ሽማግሌ ነው ብለን ጻፍን። የሞቱን የምስክር ወረቀት ላኩ አላችሁ። በዚያ ዘመን ወደ መንደራችን ይመጡ የነበሩ የመንግሥት ሰዎች የያዙት ሌላ ዓይነት ወረቀት ነበር፣ እሱም መሬታችንን የሚመለከት ነው፤ ለሙታን ወረቀት የሰጠን አልነበረም ብለን መለስን። እንግዲያው የወላጁን ስምና ኢሜይል ላኩ አላችሁ። የአባቱን ስም ላክን፤ ስሙ እናንተው ዘንድ ባለው በመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ ከልጁ ስም ጎን የአባት ስም ሆኖ ይገኛል። ኢሜይል ግን የለውም። አሥራ አንድ ጊዜ ጻፍን፣ አሥራ አንድ ጊዜ አመሰገናችሁን።

በዚህ መሐል ሻጋታው የእናንተን ደንብ አልጠበቀም። ከከተማ የመጣች የአሮጌ ወረቀት ሐኪም ብዙውን መጽሐፍ ብታድንም ከአራተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ያሉት ዘጠኝ ገጾች እጇ ላይ ፈረሱ። የፈረሱት የእናቶቻችን ወገን የተጻፈባቸው ናቸው፣ ሃምሳ ስምንት ስም፣ አብዛኞቹ ሴቶች። ያንን ወገን በቃሏ የምታውቀው መሬካራካ ብቻ ነበረች፤ በሴፕቴምበር አንጎሏ ውስጥ ደም ሲፈስ መጀመሪያ የተወሰደባት ደግሞ ንግግሯ ሆነ። አልጋዋ አጠገብ ቁጭ ብዬ፣ የተረፈው ሦስተኛ ገጽ የሚያበቃባትን እየጠራሁ፣ «ከሂኔራ ቀጥሎ ማናት?» እላታለሁ፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። ወረቀት ስሰጣት እጇ መስመር ብቻ ይሰምራል። ይህን የምነግርዎ እንዲያዝኑልን አይደለም፤ የትኛው ቅጂ ከየትኛው ቤት ውስጥ ብቻ እንደቀረ እንዲያውቁት ነው።

ታዋኦ ግን ተስፋ አልቆረጠም። ላፕቶፑን ቦቴው ውስጥ ይዞ በየከተማው ቆሻሻ መጣያ አጠገብ ያሉትን የአሮጌ ዕቃ መሸጫዎች አዳረሰ፤ ያገኘውን ስካነር ሁሉ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ይሰካል። በአሥራ አራተኛው ቦታ አንዱ ብርሃኑ በራ፣ ክንዱም ተንቀሳቀሰ። አካውንት አልጠየቀም፣ ዕድሜ አልጠየቀም፣ የትም አልላከም። የማን ሥራ እንደሆነ ለማየት ገለበጠው፤ ክቡር ሆይ፣ የእናንተው ነበር። የሃያ ዓመት ዕቃ ነው፣ ኩባንያችሁ ከብዙ ጊዜ በፊት «ዘመኑ አብቅቷል፣ አይሠራም» ብሎ ያወጀበት ሞዴል። ከሊኑክስ ጋር ግን ዛሬም በሰላም ይኖራል፤ የተረፉትን ገጾች በሙሉ አነሳንበት። እንግዲህ ሞተ ያላችሁት እየሠራልን፣ በሕይወት አለ የምትሉት ሕፃንም ሁለት መቶ ዓመት አልፎት፣ በመካከል ዘጠኝ ገጽ ጎደለን።

የሚቀጥለውን ነገር በየትኛው ቁጥር ሥር እንደማስገባው ስላላወቅሁ ያለ ቁጥር አቀርበዋለሁ።

መሬካራካ በኖቬምበር አረፈች። እንደ ባህላችን ሦስት ቀን መሰብሰቢያው ቤት ውስጥ፣ ከፎቶዎቹ ሥር፣ ሣጥኗ ክፍት ሆኖ፣ እኛም አጠገቧ እየተኛንና እየተነሳን አጀብናት። ያ ማሽናችሁ ከኢንተርኔት ጋር እንደተገናኘ ዴስኩ ላይ እዚያው ጥግ ነበር፤ ታዋኦ የቀብሯን መርሐ ግብር አትሞበታል፣ ለዚህም ከልብ እናመሰግናለን። በሁለተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ ከወንዙ ማዶ የመጡ ለቀስተኞች ገብተው ከተቀመጡ በኋላ፣ የሁላችን ታላቅ የሆነው አጎታችን ፓኦራ በትሩን ይዞ ተነሳና ዘሯን መቁጠር ጀመረ። አባቶቿን ከቴ አሂኮ ጀምሮ አንድ በአንድ ጠራቸው፣ ጨረሳቸው፤ ከዚያ ወደ እናቶቿ ወገን ዞረ። ሂኔራን ጠራ። ቀጥሎ አፉን ከፈተና ቆመ። የሰማንያ ዓመት ሰው ነው፣ በሕይወቴ ቃል ሲያጣ አይቼው አላውቅም። ሣጥኑን አየ፣ እኔን አየኝ። እኔም የማቀብለው ስም አልነበረኝም። ውጭ ድንች የሚልጡት ሴቶች ድምፅ ሳይቀር ይሰማ ነበር።

በዚያ ዝምታ መካከል ማሽናችሁ ተነሣ። ማንም አልነካውም። ውስጡ ተንኳኳ፣ አንድ ወረቀት ሳበ፣ አትሞ አወጣ፣ ወረቀቱም ተንሸራትቶ ሣጥኗ የተቀመጠበት ምንጣፍ ላይ ወደቀ። ሁሉም ወደ ግድግዳው ፎቶዎች ነበር ቀና ያለው።

«አንብቢው» አለኝ ፓኦራ።

አነበብኩት፤ ዛሬም ፊቴ ስላለ ቃል በቃል ልገልብጠው፦ «ውድ ቴ አሂኮ፣ ናፍቀኸናል። መሬካራካ እየጠበቀችህ ነው። ግንኙነቱን ለማጽደቅ ወደ አካውንትህ ግባ።»

ፓኦራ ወረቀቱን ከእጄ ተቀበለኝና ወደ ሣጥኑ ጎንበስ አለ። «ሰማሽ እህቴ? ስምሽን ከእኛ ቀድመው አድርሰውልሻል።» ከዚያ ቀና ብሎ፣ ደጅ የቆመ እንግዳን እንደሚያናግር፣ ማሽኑን አናገረው፦ «መልእክተኛ፣ ያመጣኸውን ሰምተናል። ሌሎቹ እናቶቻችንስ የት ናቸው? ለምን ብቻህን መጣህ?» ከለቀስተኞቹ አንዱ መሳቅ ጀምሮ ተወው። ማሽኑ ላይ ቀለም ማለቁን የሚያሳውቀው ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ይል ነበር፤ ፓኦራም መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ጠብቆ፣ ጠብቆ፣ ተቀመጠ።

ታዋኦ ገመዱን ነቀለው። ቢሆንም ፍራሻቸው በዚያ ጥግ የነበረ ሴቶች ሁሉ ወደ በሩ ቀየሩ፣ እኔም ከእነሱ አንዷ ነኝ። አልደብቅዎትም፣ እፈራለሁ። በወረቀቱ ላይ አንድም የተሳሳተ ቃል አልነበረም፦ እኛ ሙታን ሰው ሲሞት ይቀበሉታል ብለን ነው የምናምነው፣ እሷም እየጠበቀች ነበር፣ እሱም ይመጣላት ዘንድ እየጠራነው ነበር። ይህን የነገረን ግን የማያውቃቸው፣ የማያለቅስላቸው፣ ለቀለም ሽያጭ ብሎ የሚጠራቸው አንድ ባዕድ ቤት ነው። አሁን በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ማንኛውም ፕሪንተር ድንገት ሲነሳ ከወንበሬ እነሳለሁ፣ ወረቀቱንም እስካየው ድረስ አልቀመጥም። ሃምሳ ስምንቱ ሴቶች በማያውቁት አገር፣ በጨለማ ውስጥ፣ ስማቸውን የሚጠራ ሰው ሳይኖር ተደርድረው ይታዩኛል።

ስለዚህ፣ ክቡር ሆይ፣ አሥራ ሁለተኛ ጊዜ በመጻፍ አላስቸግርዎትም። በእኛ ባህል ሟች በሌላ ሰው ቤት ሲገኝ ዘመድ ተሰብስቦ ይሄዳል እንጂ ደብዳቤ አይላላክም፤ የቤቱ ባለቤትም፣ ወደደም ጠላም፣ አስተናጋጅ ነው። አርብ ማርች 28 ቀን፣ ከጠዋቱ በአራት ሰዓት፣ አርባ ስድስት ሆነን በአውቶቡስ ወደ ኦክላንድ እንመጣለን። በመስታወት በራችሁ ፊት እንቆማለን፣ በእኛ ሥርዓት እንግዳና ባለቤት የሚገናኙት በሴቶች የዜማ ጥሪ ስለሆነ መጀመሪያ የምጣራው እኔ ነኝ፤ ከእናንተም ወገን አንዲት ሴት ወጥታ ብትመልስልኝ ደስ ይለኛል፣ የምትመልስ ብትጠፋም ቆሞ መጠበቅ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ከዚያ ፓኦራ ስማቸውን ይጠራል። እኛ ዘንድ የቀሩትን አንድ መቶ ሃምሳ አራት ስሞች ያለ ችግር ይጠራቸዋል፣ ሬዌቲንም ሦስት ጊዜ ይለዋል። ሃምሳ ስምንቱ ጋ ሲደርስ ግን ይቆማል። እነዚያን የሚያውቃቸው የእናንተ ቤት ብቻ ስለሆነ፣ ከውስጥ አንድ ሰው፣ እርስዎ ራስዎ ቢሆኑ ክብሩ የላቀ ነው፣ ወጥቶ አንድ በአንድ እያነበበ ይሰጠናል፤ እኛም አንድ በአንድ እየተቀበልን እናለቅስላቸዋለን። የተቆለፈው አካውንት እስኪከፈትልዎ ድረስ ያለውን ጊዜ ዝም ብለን እዚያው እናሳልፈዋለን። ልማዱ ሦስት ቀን ነው፣ አስፈላጊ ሲሆን ይረዝማል፤ ሽማግሌዎች ስላሉን ፍራሽ፣ ትኩስ ሻይና ወፍራም ብርድ ልብስ ቢዘጋጅልን በትሕትና እንጠይቃለን።

እስከዚያው ድረስ መሥሪያ ቤትዎ በሰላም፣ ሠራተኞችዎ በጤና፣ የምታስቀምጧቸውም ሁሉ በዝምታ እንዲቆዩልዎ እየተመኘሁ፣ ራሴን እጅግ ዝቅ አድርጌ እሰናበታለሁ።

የደንበኛዎ ስድስተኛ ትውልድ፣
ሆሪያና ፓኪ
የዋይማታኦ ማራይ ኮሚቴ ጸሐፊና የዘር ሐረግ መጽሐፍ ጠባቂ

ግልባጭ፦
ለአጎት ፓኦራ
ለታዋኦ፣ በወተት ቦቴው
ለመሬካራካ፣ ባለችበት
ለቴ አሂኮ፣ ባሉበት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከመጨረሻው ኢሜይላችሁ ግርጌ «ኦርዊንተልን ለቤተሰብዎ ምን ያህል ይመክራሉ?» የሚል ከዜሮ እስከ አሥር የሚሞላ መጠይቅ ነበር፣ ሳልመልስ መቆየቴ ነውር ሆኖብኛል። ቤተሰቤ በሙሉ እናንተ ጋ ነው፤ እባክዎ እነሱኑ ይጠይቋቸው፣ የሚሉትንም በዚያ አርብ ጮክ ብለው ያንብቡልን።